ፌርዲናንድ ፖርሸ፥ ቤንዚንንና ኤሌክትሪክን ያጣመረው መሐንዲስ

በዛሬው ዘመን በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄዱ፥ «ሃይብሪድ» የሚባሉ አውቶሞቢሎች በየመንገዱ ይታያሉ። እንዲህ ያለው መኪና በኤሌክትሪክ ብቻ ሲሄድ የቤንዚኑ ሞተር ምን ይሠራል? ብዙ ሰው መንኰራኵሩ እስከ ዞረ ድረስ ሞተሩም በባዶው አብሮ የሚዞር ይመስለዋል። ለዚህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በሥራው መልስ የሰጠውን ሰው ታሪክ ለአንባብያን እናቀርባለን።

ፌርዲናንድ ፖርሸ በ1875 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቦሂሚያ፥ ማፈርስዶርፍ በምትባል መንደር ተወለደ። ስፍራው ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ ይገኛል። አባቱ ቆርቆሮ ሠሪ ነበረና ልጁ ሙያውን እንዲወርስ ፈለገ። ልጁ ግን ቀን ከአባቱ ጋራ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ውሎ ማታ ማታ ራይሸንበርግ ወደሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበረ፤ ልቡም በኤሌክትሪክ ነገር ተያዘ። በ18 ዓመቱ ወደ ቪየና ሄዶ በኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ኋላም ሎነር የተባለው ሠረገላ ሠሪ ወሰደው።

በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ ኤግዚቢሽን የታየው የሎነርና የፖርሸ አውቶሞቢል የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ በፊት መንኰራኵሮቹ እምብርት ውስጥ ነበሩ። ነገር ግን ባትሪው ብቻውን 410 ኪሎ ይመዝን ነበረ፤ ኃይሉ ሲያልቅም መኪናው ከመንገድ ይቀራል። ስለዚህ ፖርሸ ባትሪውን አሳንሶ ሁለት ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ጨመረ፤ እያንዳንዱም አንድ ዲናሞ ያዞራል። መኪናዋ «ሴምፐር ቪቩስ» ተባለች፤ በላቲን ዘወትር ሕያው ማለት ነው።

የብልሃቱ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የቤንዚኑን ሞተር ከመንኰራኵሩ ጋራ የሚያያይዝ ጥርስም ሆነ ዘንግ የለም፤ የሚያገናኛቸው የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ነው። ባትሪው ኃይል ሲኖረው ሞተሩ ጠፍቶ ጸጥ ይላል፤ ቤንዚን አይጠጣም፤ መኪናዋ ግን ትሄዳለች። ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ይነሣና ዲናሞውን ያዞራል፤ ከመንኰራኵሩ የተረፈውም ኤሌክትሪክ ባትሪውን ይሞላል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፥ ሞተሩን የሚያስነሣው ያው ዲናሞ መሆኑ ነው፤ ከባትሪው ኤሌክትሪክ ሲላክለት ማስነሻ ይሆናል። በዚያ ዘመን ሌላው ሰው ከመኪናው ፊት ቆሞ በብረት መዘውር እየጠመዘዘ ያስነሣ ነበረ!

በ1997 ዓ.ም. በጃፓን የወጣው ቶዮታ ፕሪየስ በሌላ መንገድ ይሠራል፤ በእርሱ ሞተሩና መንኰራኵሩ በጥርስ የተያያዙ ናቸው። ቢሆንም ጥርሶቹ አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚሽከረከሩ ስለ ሆኑ፥ በኤሌክትሪክ ብቻ ሲሄድ ከሁለቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አንዱ ወደ ኋላ ይዞራል እንጂ የቤንዚኑ ሞተር አይነቃነቅም።

የፖርሸ መኪና ዋጋዋ ውድ ስለ ነበረ ጥቂት ብቻ ተሸጠች። እርሱ በ1906 ዓ.ም. ወደ አውስትሮ ዳይምለር ሄደ፤ በ1931 ዓ.ም. በሽቱትጋርት የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በ1934 ዓ.ም. እኛ ቮልስ የምንላትን ትንሽ መኪና እንዲሠራ ታዘዘ፤ ዝናውም ከዚያ መጣ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሳንሸሽግ እንጻፍ። በ1937 ዓ.ም. የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ፤ በጦርነቱም ጊዜ እርሱ በሚያስተዳድረው የቮልስዋገን ፋብሪካ ብዙ ሺህ ሰዎች በግዳጅ ይሠሩ ነበረ። ያ የወጣትነቱ ብልሃት፥ ማለት የቤንዚን ሞተር፥ ዲናሞና የኤሌክትሪክ ሞተር፥ በስሙ «ፌርዲናንድ» በተባለው ከባድ የብረት ለበስ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ በ1943 ዓ.ም. በኩርስክ ተዋጋ።

ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳዮች ይዘው እስከ 1947 ዓ.ም. አሰሩት። ከተፈታ በኋላ ጤናው ተጓደለ፤ በጃንዋሪ 30 ቀን 1951 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ በሽቱትጋርት ሞተ።