የኬኔዲ ወገብ እና አንድ አካፋ አፈር

የወገብ ሕመም ለወራት ከቆየብዎ፣ ዕቃ ከመሬት ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ጀርባዎ ገና ሳይነኩት ግትር እንደሚል ሳያስተውሉ አይቀሩም። የአሜሪካው 35ኛ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ አብዛኛውን የጉልምስና ዕድሜያቸውን ያሳለፉት እንዲህ ባለ ጀርባ ነው። በአገራችን በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሚያስታውሷቸው አፄ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን የተቀበሉ፣ ጤናቸው የተሟላ የሚመስል ወጣት መሪ አድርገው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኬኔዲ በ1917 በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለዱ። በጀርባቸው ምክንያት የምድር ጦር ስላልተቀበላቸው በባሕር ኃይል ተቀጠሩ። በኦገስት 1943 በሰለሞን ደሴቶች አካባቢ የሚያዟትን ትንሽ የጦር ጀልባ የጃፓን መርከብ ለሁለት ሰነጠቃት። ኬኔዲ ክፉኛ የተቃጠለ ባልደረባቸውን የሕይወት አድን ጃኬት ማሰሪያ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ለሰዓታት እየዋኙ ወደ ደሴት አደረሱት። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ባሰ። በ1944፣ በ1954፣ በ1955 እና በ1957 በጀርባቸው ላይ አራት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በ1954ቱ በገባ ኢንፌክሽን ለሞት ተቃርበው ነበር፤ የተገጠመላቸው ብረትም ከወራት በኋላ ወጣ።

ፕሬዚዳንት በሆኑ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሜይ 1961፣ ለጉብኝት ኦታዋ ሄዱ። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ችግኝ ለመትከል አካፋ አንስተው ጥቂት አፈር ዛቁ። ወገባቸው እዚያው ተጎዳ፤ ከጉዞው መልስም ክራንች መያዝ ግድ ሆነባቸው።

ጥቂት አፈር ይህን ያህል እንዴት ይጎዳል? ጀርባዎን እንደ ሚዛን ያስቡት። ጀርባን ቀጥ የሚያደርጉት ጡንቻዎች ከአከርካሪው መሐል በግምት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይርቃሉ። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከወገብዎ 50 ሴንቲ ሜትር ፊት ለፊት አርቀው ቢያነሱ፣ ጡንቻዎቹ የ200 ኪሎ ያህል መሳብ አለባቸው፤ የራስዎ የላይኛው አካል ክብደት ሳይቆጠር ማለት ነው። ጀሪካኑን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ቢያስጠጉት በግማሽ ይቀንሳል። አካፋ ደግሞ በባሕርዩ ጭነቱን ከሰውነት ያርቃል።

ሌላም ነገር አለ። ጤነኛ ሰው እስከ መጨረሻው ሲያጎነብስ የጀርባ ጡንቻዎቹ ዝም ይላሉ፤ ሸክሙን ጅማቶች ይረከባሉ። ይህ በቆዳ ላይ በሚለጠፉ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች ይታያል። የቆየ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ጡንቻው አያርፍም። ዕቃ ሲያነሱም የሆድና የጀርባ ጡንቻዎች አከርካሪውን ለመከላከል በአንድ ጊዜ ይጨመቃሉ። ለጊዜው ይጠቅም ይሆናል፤ ሲቆይ ግን በዲስኮቹ ላይ ጫና ይጨምራል፣ ጡንቻውንም ያደክማል። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዳንዱ በአከርካሪው ሥር ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ይሳሳሉ።

ኬኔዲ በማደንዘዣ መርፌ፣ በተወዛዋዥ ወንበርና በወገብ ቀበቶ ሲታገሱ ቆይተው፣ በ1961 መጸው ሃንስ ክራውስ የተባሉ ሐኪም ተጠሩ። ክራውስ የሆድና የጀርባ ጡንቻዎቻቸውን እጅግ ደካማ፣ የእግራቸውንም ጡንቻዎች የተጨማደዱ ሆነው አገኟቸው። መድኃኒታቸው ቀላል ነበር፦ በሳምንት ሦስት ጊዜ ማላላት፣ መሳሳብና ቀስ በቀስ ማጠንከር። በእኔ ግምት አራቱ ቀዶ ሕክምናዎች ያልሰጡትን ይህ ሰጣቸው፤ በወራት ውስጥ ልጆቻቸውን ብድግ አድርገው ማቀፍ ቻሉ። እርስዎም እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ሲጀምሩ በባለሙያ ቢመሩ ይሻላል። እግርዎ ከሰነፈ፣ በጭንዎ መካከል ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ ግን እንቅስቃሴውን ትተው ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ክራውስ ቀበቶውን ጨርሶ እንዲጥሉት ይፈልጉ ነበር፤ ኬኔዲ ግን አልተዉትም። በ1963 ክረምት መጨረሻ ብሽሽታቸው አካባቢ ጡንቻ ሲጎዳ እንደገና አጥብቀው መታጠቅ ጀመሩ። ኖቬምበር 22 ቀን በዳላስ በጥይት ሲመቱም ታጥቀውት ነበር። ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ወደ መኪናው ወለል እንዳይጎነበሱ ቀጥ አድርጎ የያዛቸው ያ ቀበቶ ይሆን ወይ በሚለው ላይ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።