ከገበሬ ልጅነት እስከ ኖቤል ሽልማት፦ የሲቲ ስካን ማሽንን ለዓለም ያበረከቱት ባለ ዲፕሎማ

ማለዳ ነው። ሕሙማን ገና ወረፋ አልያዙም። በሆስፒታሉ የራጅ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ባለሙያ ሥራውን ጀምሯል። ውኃ የተሞላ ክብ ዕቃ በማሽኑ አልጋ ላይ ያስቀምጣል፤ ማሽኑን ያስነሳል፤ በኮምፒውተሩ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ይጠብቃል። ቁጥሩ ዜሮ ወይም ለዜሮ እጅግ የቀረበ ከሆነ ማሽኑ ለቀኑ ሥራ ዝግጁ ነው። ከዜሮ ከራቀ ግን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው ይጠራል። ስህተቱ ሳይታረም የሚነሳ ምስል ሐኪሙን ሊያሳስት፣ ሕመምተኛውንም ሊጎዳ ይችላልና።

ሲቲ ስካን ባለባቸው የዓለም ሆስፒታሎች ይህ የውኃ ፍተሻ የተለመደ ነው። ቁጥሩ የሚለካበት ሚዛን ሃውንስፊልድ ይባላል። ሃውንስፊልድ የሰው ስም ነው። ሰውዬው ሐኪም አልነበሩም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪም አልነበራቸውም። በእርሻ መንደር ያደጉ፣ ከማሽን ጋር የተወዳጁ፣ በዲፕሎማ የተመረቁ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነበሩ።

ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የተወለዱት እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነሐሴ 28 ቀን 1919፣ በእኛ ነሐሴ 22 ቀን 1911 ዓ.ም በእንግሊዝ ኖቲንግሃምሻየር ግዛት ነው። አባታቸው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አነስተኛ እርሻ ገዝተው ቤተሰቡን በዚያ ያኖሩ ገበሬ ነበሩ። ጎድፍሪ ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ናቸው። ሁለቱ ወንድሞቻቸውና ሁለቱ እህቶቻቸው በዕድሜ ስለሚበልጧቸው በራሳቸው ጉዳይ ይጠመዳሉ። ትንሹ ልጅ ብቻውን ይቀራል። ብቸኝነቱ ግን አልከበደውም፤ ይልቁንም እንደልቡ የሚመራመርበትን ነጻነት ሰጠው።

እርሻው ለጎድፍሪ የመጀመሪያው ቤተ ሙከራ ሆነ። የእህል መውቂያው ማሽን፣ እያጨደ ነዶ የሚያስረው መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጀነሬተር ሁሉም ዓይናቸውን ይስበው ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመታቸው እስከ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ድረስ በመንደሩ ያልሞከሩት የለም። ድምፅ የሚቀዳ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠሩ። በእጃቸው የሠሩትን መንሳፈፊያ ይዘው ከድርቆሽ ክምር አናት ላይ እየዘለሉ የበረራን ምስጢር ለማወቅ ሞከሩ። ውኃ በተሞላ የሬንጅ በርሜል ውስጥ አሴቲሊን ጋዝ እየጨመሩ በርሜሉ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚወነጨፍ ሲፈትኑ ለጥቂት ከሞት ተርፈዋል። እንዲህ ያለውን አደገኛ ሙከራ ማንም ልጅ እንዲደግመው አይመከርም። ነገር ግን ከእርሻ መሣሪያ ጋር ያደገ አእምሮ ምን ያህል ሊጠይቅ እንደሚችል ያሳያል።

በትምህርት ቤት ጎበዝ ከሚባሉት ተማሪዎች ተርታ አልነበሩም። በኒውአርክ ከተማ በሚገኘው ማግነስ ትምህርት ቤት ሲማሩ የሚስባቸው ፊዚክስና ሒሳብ ብቻ ነበር። ሌላው ትምህርት አልገባ ይላቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድልም አላገኙም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በፈቃደኝነት የእንግሊዝን አየር ኃይል ተቀላቀሉ። በዚያም ለሬዲዮ ጥገና ሠራተኞች የተዘጋጁትን መጻሕፍት እያገላበጡ በራሳቸው አጠኑ። የሙያ ፈተና ሲሰጣቸው ውጤታቸው ያማረ ስለነበር ወዲያውኑ የራዳር ጥገና አስተማሪ ሆነው ተመደቡ። በክራንዌል የራዳር ትምህርት ቤት ሲሠሩ በትርፍ ጊዜያቸው ለማስተማሪያ የሚሆን ትልቅ ስክሪን ያለው ኦሲሎስኮፕ ሠሩ። ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክን ውጣ ውረድ በመስመር የሚያሳይ፣ ዛሬም የሆስፒታል የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ከጠረጴዛው የማይለየው መሣሪያ ነው። ለዚህ ሥራቸው የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ትጋታቸውን የተመለከቱ አንድ የአየር ኃይል ከፍተኛ መኮንን ከጦርነቱ በኋላ የትምህርት ድጎማ እንዲያገኙ ረዷቸው። በዚህም ለንደን በነበረው ፋራዳይ ሐውስ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ኮሌጅ ገብተው በዲፕሎማ ተመረቁ።

ከምረቃ በኋላ ኢ.ኤም.አይ በተባለው ኩባንያ ተቀጠሩ። ኩባንያው በዓለም ዘንድ የሚታወቀው በሙዚቃ ሸክላዎቹ ቢሆንም የኤሌክትሮኒክስ ሥራም ነበረው። ሃውንስፊልድ በመጀመሪያ በራዳር ላይ ሠሩ። ከ1958 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ኢሚዴክ 1100 የተባለውን፣ በእንግሊዝ ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር ከተሠሩት ቀደምት ኮምፒውተሮች አንዱ የሆነውን ማሽን የሠራውን ቡድን መሩ። ቀጥሎ የያዙት ትልቅ የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ የመሥራት ፕሮጀክት ግን አልቀናቸውም። ለገበያ አያዋጣም ተብሎ ተዘጋ።

ለብዙ ሰው እንዲህ ያለው ጊዜ ተስፋ የሚቆረጥበት ነው። አለቆቻቸው ግን ሠራተኛቸውን አልገፉም። ቀጥሎ ምን መሥራት እንደሚሻል አስበው እንዲመጡ ጊዜ ሰጧቸው። ሃውንስፊልድም በእግራቸው በገጠር መንገድ መጓዝ የሚወዱ ሰው ነበሩና እየተጓዙ ማሰብ ጀመሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ የተዘጋ ሣጥን ቢኖር፣ ሳይከፈት ውስጡ ያለውን ነገር ሁሉ ማወቅ ይቻል ይሆን? ከየአቅጣጫው ጨረር ቢተላለፍበትና በሌላው ወገን የወጣው የጨረር መጠን ቢለካ፣ ኮምፒውተር ቁጥሮቹን አገናዝቦ የውስጡን መልክ ሊሥል አይችልም? ዓመቱ 1967 ነበር።

ሐሳቡን ለመረዳት የእህል ነጋዴን ማስታወስ በቂ ነው። ነጋዴ ጆንያውን ሳይፈታ በቀጭን ብረት ወግቶ ናሙና ያወጣል። አንዴ ቢወጋ የሚያውቀው ብረቱ ያለፈበትን መስመር ብቻ ነው። ጆንያውን እያዞረ በመቶና በሺህ ቦታ ቢወጋው ግን የትኛው ጥግ ንጹሕ እህል፣ የትኛው አፈር፣ የትኛው ነቀዝ እንደያዘ ለይቶ ካርታ ማውጣት ይችላል። የሃውንስፊልድ ማሽን የሚወጋው በብረት ሳይሆን በጨረር ነው። ካርታውን የሚያወጣው ደግሞ ኮምፒውተር ነው።

በዚያ ዘመን ይህ ሐሳብ ለምን እንዳስፈለገ ማወቅ ይገባል። ተራው ራጅ አጥንትን አሳምሮ ያሳያል። አንጎል ግን በራስ ቅል ውስጥ የታሸገ ለስላሳ አካል ነው፤ በራጅ ፊልም ላይ አይለይም። ሐኪሞች በአንጎል ውስጥ ዕጢ መኖሩን ሲጠረጥሩ ከአከርካሪ ፈሳሽ ቀድተው በምትኩ አየር ያስገቡ ነበር። አየሩ ወደ አንጎል ክፍተቶች ሲደርስ የክፍተቶቹ ቅርጽ በራጅ ይታያል፤ ከዚያ በመነሳት ዕጢው የት እንዳለ ይገመታል። ምርመራው ለሕመምተኛው ከባድ ስቃይ ነበር። አንዳንዴም ሐኪሙ የራስ ቅሉን የሚከፍተው ምን እንደሚያገኝ በትክክል ሳያውቅ ነበር።

የሃውንስፊልድ የመጀመሪያ ማሽን ከውራጅ ዕቃ የተገጣጠመ ይመስል ነበር። አሮጌ የቶርኖ ማሽን መደብ ወሰዱ። በአንድ በኩል አሜሪሺየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ በሌላው በኩል ጨረሩን የሚቆጥር መሣሪያ ገጠሙ። ጨረሩ ደካማ ስለነበር አንድ ምስል ለማግኘት የሚያስፈልጉትን 28 ሺህ ልኬቶች ለመሰብሰብ ዘጠኝ ቀናት ፈጀ። ኮምፒውተሩ ልኬቶቹን ለማስላት ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደበት። ምስሉ ግን መጣ። ከዚያም ጨረር አመንጪውን በራጅ ቱቦ ሲተኩት ዘጠኙ ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ወረደ።

ቀጣዩ ጥያቄ አንጎልን በእርግጥ ማየት ይቻላል ወይ የሚለው ነበር። በመጀመሪያ በመድኃኒት ተጠብቆ የቆየ የሰው አንጎል አነሱ። ውጤቱ እጅግ ያማረ ሆነ። ነገር ግን ማቆያው መድኃኒት በአንጎሉ ክፍሎች መካከል ያለውን ልዩነት እንዳጎላው ተረዱ። በተሳሳተ ደስታ መቆየት አልፈለጉምና ትኩስ አንጎል አስፈለጋቸው። ከቄራ የሰንጋ አንጎል ይዘው በለንደን ከተማ በሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍረው ወደ ቤተ ሙከራቸው የተጓዙበት ጊዜ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠ መንገደኛ የያዙትን ቢያውቅ ምን ይል እንደነበር መገመት አያዳግትም። በገበሬ ቤት ላደገ ሰው ግን የከብት አካል እንግዳ ነገር አልነበረም። በትኩሱ አንጎልም ልዩነቱ፣ ቢቀንስም፣ ታየ። መንገዱ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ።

የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት ለሥራው ድጋፍ ሰጠ። በለንደን ዊምብልደን ከነበረው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የራጅ ሐኪሙ ጄምስ አምብሮስ አጋር ሆኑ። ለሕሙማን የተሠራው ማሽን የራጅ ቱቦውን በጭንቅላት አንጻር እያንሸራተተ በአንድ ማለፊያ 160 ልኬት ይወስዳል። ከዚያ አንድ ዲግሪ ይዞርና ይደግማል። ይህንን 180 ጊዜ ሲያደርግ 28 ሺህ 800 ልኬት ይሰበሰባል። ምስሉ 80 በ80 የሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ነበሩት። ዛሬ ሲታይ ሻካራ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ታይቶ የማይታወቅ ነበር።

እንደ አውሮፓውያኑ ጥቅምት 1 ቀን 1971፣ በእኛ መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ በማሽኑ አልጋ ላይ ተኛች። በአንጎሏ የፊት ክፍል ዕጢ አለባት ተብሎ የተጠረጠረች ሴት ነበረች። በምስሉ ላይ ዕጢው ቁልጭ ብሎ ታየ። ቀዶ ሐኪሙ ሲከፍቱ ያገኙትም ምስሉ ያሳየውን ነበር። ስቃይ ሳይኖር፣ ምላጭ ሳይነካት፣ በሽታው ያለበት ቦታ ታወቀ።

ዜናው በ1972 ይፋ ሲሆን የሕክምናው ዓለም ተነቃነቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መላ አካልን የሚያነሳ ማሽን ተሠራ። ሃውንስፊልድ ማሽኑን በሌላ ሰው ላይ ብቻ የሚሞክሩ አልነበሩም። ራሳቸውም በአልጋው ላይ እየተኙ ተፈትነውበታል። ሌሎች ኩባንያዎች ፈጥነው ወደ ገበያው ሲገቡ ኢ.ኤም.አይ ፉክክሩን መቋቋም አቅቶት ከዘርፉ ወጣ። ፈጠራው ግን ቀረ።

በ1979 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሽልማቱን የተጋሯቸው የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ የፊዚክስ ሊቅ አለን ኮርማክ ናቸው። ኮርማክ በ1956 በኬፕታውን ግሩት ሹር ሆስፒታል በትርፍ ጊዜ ሲሠሩ ተመሳሳይ ጥያቄ አንስተው ሒሳቡን ሠርተው ነበር። በ1963 እና በ1964 ቢያሳትሙትም የሚሰማቸው አላገኙም። ሃውንስፊልድም ስለ እርሳቸው ሥራ ሳያውቁ ነው በራሳቸው መንገድ የደረሱበት። ከሁለቱ አንዳቸውም ሐኪም አልነበሩም፤ አንዳቸውም የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራቸውም። አንደኛው ሐሳብ የተጸነሰውም በአፍሪካ ምድር፣ በሆስፒታል ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

ዝናና ገንዘብ ሃውንስፊልድን አልለወጧቸውም። ትዳር አልመሠረቱም። ረጅም ዘመን በኪራይ ቤት ኖረዋል። ከኖቤል ሽልማቱ ገንዘብ በቤታቸው ቤተ ሙከራ አቋቋሙበት። በ1981 ሰር የሚለውን የክብር ማዕረግ ከአገራቸው ተቀበሉ። በእግር መጓዝን፣ ተራራንና ፒያኖ መጫወትን እንደወደዱ ኖረው፣ እንደ አውሮፓውያኑ ነሐሴ 12 ቀን 2004፣ በእኛ ነሐሴ 6 ቀን 1996 ዓ.ም በ84 ዓመታቸው አረፉ።

ስማቸው ግን በየሆስፒታሉ በየቀኑ ይነሳል። በሃውንስፊልድ ሚዛን ውኃ ዜሮ ነው፤ አየር ከዜሮ በታች 1 ሺህ ነው፤ ስብ ከዜሮ በታች 100 አካባቢ ነው፤ ጠንካራ አጥንት ደግሞ ከዜሮ በላይ እስከ 1 ሺህና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በአንጎል ውስጥ የፈሰሰ ትኩስ ደም ከአንጎሉ ሥጋ ከፍ ያለ ቁጥር ስላለው ነጭ ሆኖ ይታያል። በድንገት አንድ ወገኑ የማይታዘዝለትን፣ አንደበቱ የተሳሰረበትን ሰው ሐኪሞች አስቀድመው ወደ ሲቲ ስካን የሚልኩት ለዚህ ነው። የደም ሥር ፈንድቶ ደም ፈስሶ ከሆነ ሕክምናው አንድ ነው፤ ደም ረግቶ የደም ሥር ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ለአንደኛው የሚሰጠው መድኃኒት ሌላኛውን ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ከሩቅ ቀበሌ ሪፈር ተጽፎለት፣ በሬውን ወይም እህሉን ሸጦ ለሚመጣ አርሶ አደር የማሽኑ ጤና የራሱ ጤና ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ከተዘጋ፣ ወይም ሳይታወቅ ልኬቱ ከተዛባ ድካሙ ሁሉ መና ይቀራል። በዚህ መካከል የቆመው ነጭ ጋውን የማይለብሰው፣ ስሙ በካርድ ላይ የማይጻፈው የሆስፒታሉ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው። ሐኪሙ የሚያየውን ምስል እንዲያምን የሚያደርገው የእርሱ የማለዳ ፍተሻ ነው።

በገጠር ለዘገባ ስንዘዋወር የተበላሸ ሬዲዮ የሚፈታታ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሥር የማይጠፋ ልጅ በየመንደሩ እናያለን። ብዙ ጊዜ ዕቃ አበላሸ ተብሎ ይቆጡታል። ከአደጋ መጠበቁ ተገቢ ነው፤ እጁን ማሠር ግን ተገቢ አይደለም። በድርቆሽ ክምር ላይ ይዘል የነበረ የገበሬ ልጅ፣ በዲፕሎማ ተመርቆ፣ የሰውን አንጎል ሳይከፈት ያየበትን መስኮት ለዓለም ከፍቷልና።