መድፉ ቀረ፤ ማቅለጫውስ?

መሐንዲስ የሚሆን ሰው ታሪክና ቋንቋ ምን ያደርግለታል የሚል ጥያቄ በየክፍሉ ይሰማል። መልሱን ከቋራው ሰው ሕይወት እንፈልግ።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ቋራ ተወለደ። በልጅነቱ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ገብቶ ፊደል ቆጠረ፤ ዳዊት ደገመ። ኋላ በቋራ በረሃ ሸፈተ። በ1840 ዓ.ም. ከመተማ ባሻገር ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ጀግንነት አልጎደለም፤ ምን ያደርጋል፣ ምሽግ የያዘ የሠለጠነ ወታደርና መድፍ ሰዉን ፈጀበት። ያ ቀን ከልቡ አልወጣም።

በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የእጅ ሙያ የነበራቸውን አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ሰዎቹ ሊሰብኩና ሊያስተምሩ እንጂ መድፍ ሊሠሩ አልመጡም፤ ሥራውንም አያውቁትም። እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ በመጨረሻ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ገደሉን መንገድ እያወጡ፣ ስድስት ወር ያህል አስጎትተው መቅደላ አደረሱት።

ታዲያ ንጉሡ ብረት ብቻ ወዳድ አልነበሩም። ደብተራ ዘነብ ታሪካቸውን በአማርኛ ጽፏል። መቅደላ ላይም ብዙ መቶ የብራና መጻሕፍት አከማችተዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ ከጎንደር አድባራት የተዘረፉ ነበሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋም ተቃጥላለች። መጽሐፍ መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፍ የሚያስተምረውን ትዕግሥትና ፍርድ መያዝ ሌላ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞች መጻሕፍቱን ዘርፈው ሄዱ፤ 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ሴባስቶፖል ከብዶ እዚያው መቅደላ ቀረ፤ ዛሬም አለ። የጋፋት ማቅለጫ ግን ተተኪ አላገኘም። መድፉ በጥድፊያ ተፈለገ፤ ሰው ማስተማር ደግሞ ጥድፊያ አይወድም።

ነገ ከመካከላችን መተማና ቋራ ወርዶ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምር አለ። ሙያ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል፤ ለማን እንደሚሠራ፣ ከእኛ በኋላስ ማን እንደሚቀጥለው የሚያስጠይቀው ታሪክ ነው። እንግዲህ ያ ጥያቄ ከተማሪ ሲመጣበት አይቆጣ፤ የጋፋትን ነገር ይንገረው።