ተፈጥሮዬ ነው የምንለው ሁሉ ተፈጥሮ ነውን? የዶክተር ካረን ሆርናይ ሕይወት



ባለፈው ሩብ ዓመት የብድር መዝገባችንን ስንዘጋ አንድ ነገር አሳሰበን። አንዲት ታታሪ አባላችን ለሦስት ሰው ዋስ ሆና ፈርማ ተገኘች። የራሷ ቁጠባ ግን የአንዱን ዕዳ እንኳ አይሸፍንም። ለምን እንደፈረመች ስንጠይቃት፣ ሰው ሲለምናት እምቢ ማለት እንደማትችልና ይህም ተፈጥሮዋ እንደሆነ ነገረችን። ታሪኩን እዚህ የጻፍነው በእሷ ፈቃድ ነው። ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች የተዛባ ቁጥር ማስተካከል አያቅተንም፤ ተፈጥሮዬ ነው ለምትል እህት ግን መልስ አልነበረንም።

ኮሌጅ ሳለን የወሰድነው የሥነ ልቦና ትምህርት ትዝ ያለን ያኔ ነው። የሰው ስብዕና ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚያድግ ከጻፉት ሊቃውንት መካከል የፍሮይድ፣ የኤሪክሰንና የማስሎው ስም ደጋግሞ ይነሳ ነበር። በጥቂት መስመር የታለፈች አንዲት ሴትም ነበረች፤ ዶክተር ካረን ሆርናይ። የአባላችን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችበት ጥያቄ ስለሆነ፣ በዚህ እትም ሕይወቷን ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካረን በ1885 በሰሜን ጀርመን፣ በሐምቡርግ አጠገብ በምትገኘው ብላንከኔዘ ተወለደች። አባቷ የኖርዌይ ተወላጅ የመርከብ ካፒቴን ነበር፤ ሃይማኖቱን አጥባቂ፣ በቤቱም ቁጡ። እናቷ በዕድሜ ከእሱ እጅግ ታንስ ነበር፤ ትዳራቸውም ሰላም አልነበረውም። ካረን ከታላቅ ወንድሟ ከበርንት ያነሰ ቦታ እንዳላት እየተሰማት አደገች። መልኬ አያምርም ብላ ስለምታምን፣ ቆንጆ መሆን ካልሆነላት ጎበዝ ለመሆን ቆረጠች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሐኪም እሆናለሁ አለች።

በዚያ ዘመን የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ለሴቶች መክፈት የጀመሩት ገና ነበር። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ የልጃገረዶች ትምህርት በሐምቡርግ ሲከፈት አባቷ ገንዘቡን ለመክፈል አንገራገረ። እናቷና ወንድሟ ግን አግዘዋት አባቷን እሺ አሰኙት። በ1906 ሴቶችን ቀድመው ከተቀበሉት የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በሆነው በፍራይቡርግ ሕክምና መማር ጀመረች።

በ1909 ኦስካር ሆርናይን አግብታ በርሊን ኖረች። በ1911 እናቷ ሞተች፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ትምህርት፣ ቤት፣ ሐዘንና ሕፃን በአንድ ላይ ተደራረቡባት። ብርቱ ድብርት ስላስቸገራት የፍሮይድ የቅርብ ባልደረባ ወደነበረው ወደ ዶክተር ካርል አብርሃም ሄዳ ሕክምና ተከታተለች። ትምህርቷን ግን አላቋረጠችም፤ በ1915 የሕክምና ዶክትሬቷን ተቀበለች። ሦስት ሴቶች ልጆች አፍርታለች፤ የመጀመሪያዋ ብሪጊተ የታወቀች የፊልም ተዋናይ፣ ሁለተኛዋ ማሪያነ ደግሞ እንደ እናቷ የአእምሮ ሐኪም ሆነዋል።

በ1920 የበርሊን የሥነ ልቦና ትንተና ተቋም ሲመሠረት ካረን ከመሥራቾቹና ከመምህራኑ አንዷ ነበረች። ሦስት ዓመት ሳይቆይ ግን ቤቷ ተናጋ። ጀርመን የገንዘቧ ዋጋ ባዶ በሆነበት በ1923 የባሏ ድርጅት ከሰረ፤ እሱም በማጅራት ገትር ታመመ። የምትወደው ወንድሟም በዚያው ዓመት በሳንባ ሕመም ሞተ። ድብርቱ ተመለሰባት። በ1926 ሦስቱን ልጆቿን ይዛ ከባሏ ቤት ወጣች።

ከፍሮይድ ትምህርት መለየት የጀመረችውም በእነዚህ ዓመታት ነው። ፍሮይድ ሴት ልጅ ወንድ ሆና ባለመፈጠሯ የጎደለባት መስሎ እንደሚሰማትና ባሕርይዋም ከዚህ ቅናት እንደሚቀረጽ ያስተምር ነበር። ካረን በዚህ አልተስማማችም። ሴቶች የሚመኙት የወንድን አካል ሳይሆን ወንድ በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለውን ሥልጣን፣ ነፃነትና ክብር ነው ስትል ጻፈች። ስለ ሴት የተጻፈው በአብዛኛው በወንዶች እንደተጻፈ አሳየች፤ ወንዶችም በበኩላቸው ሴት ሕይወት ለመውለድ ባላት ጸጋ እንደሚቀኑ አከለች። በወንዶች በተሞላ ጉባኤ ላይ ይህን መናገር ቀላል አልነበረም።

በ1932 ዶክተር ፍራንዝ አሌክሳንደር ስለጋበዛት ወደ አሜሪካ ቺካጎ ተሻገረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ኒው ዮርክ ሄደች። እዚያ ያገኘቻቸው ሕሙማን በርሊን ከምታውቃቸው ይለዩ ነበር። ሰው የሚጨነቅበት ነገር ከአገር አገር፣ ከኑሮ ኑሮ ከተለያየ፣ ምንጩ ተፈጥሮ ብቻ ሊሆን አይችልም አለች። ይህን ሐሳብ በ1937 እና በ1939 ባሳተመቻቸው መጻሕፍት አብራራች።

ትምህርቷ ባጭሩ ይህ ነው። ሕፃን ልጅ ፍቅርና መተማመኛ ካጣ፣ በትልቅ ዓለም ውስጥ ብቻውን እንደቀረ ይሰማዋል። ይህን መሠረታዊ ሥጋት አለችው። ልጁ ሥጋቱን ለመቋቋም ከሦስት መንገዶች አንዱን ያዘወትራል። አንዱ ወደ ሰው መጠጋት ነው፤ ሁሉን እሺ እያሉ፣ ሁሉን እያስደሰቱ መኖር። ሁለተኛው ሰውን መጋፋት ነው፤ ሳልቀደም ልቅደም ማለት። ሦስተኛው ከሰው መሸሽ ነው፤ ምንም አልፈልግም፣ ማንም አይድረስብኝ ማለት። ሦስቱም እንደ ሁኔታው ለሁላችንም ያስፈልጉናል። ችግሩ የሚመጣው ሰው በአንዱ ብቻ ታስሮ ሲቀር ነው። ልጅ ሳለ ያዳነው መንገድ አዋቂ ሲሆን ያስረዋል፤ እሱ ግን ተፈጥሮዬ ነው ይላል።

ከዚህ ጋር ካረን ያስተዋለችው ሌላም ነገር አለ። ራሱን ያልወደደ ሰው በምናቡ ፍጹም የሆነ ሌላ ሰው ይስልና እሱን ለመምሰል ይደክማል። ሁልጊዜ ደግ መሆን አለብኝ፣ መቆጣት የለብኝም፣ ሁሉን መቻል አለብኝ እያለ ራሱን ያዛል። ይህን የአለብኝ አምባገነንነት ብላዋለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ላደግን ሴቶች ይህ አምባገነን እንግዳ አይደለም።

ፍሮይድ የሰው ነገር በአብዛኛው በልጅነቱ ያልቃል የሚል አዝማሚያ ነበረው። ካረን ግን ሰው በሕይወት እስካለ ሊለወጥ ይችላል ብላ ታምን ነበር። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ካለፈው ዓመት የዞረ ሒሳብ አለ፤ ሊካድም አይገባም። ነገር ግን በየወሩ አዲስ ይመዘገባል።

ይህ አቋም ዋጋ አስከፈላት። በ1941 የኒው ዮርክ የሥነ ልቦና ትንተና ማኅበር ትምህርቷ ሠልጣኞችን ያደናግራል ብሎ ከአሠልጣኝነት ደረጃዋ ዝቅ አደረጋት። እሷም ተነሥታ ወጣች፤ አንዳንድ ባልደረቦቿም ተከተሏት። በዚያው ዓመት የራሳቸውን ማኅበርና ማሠልጠኛ ተቋም አቋቋሙ። በሚቀጥለው ዓመት ያሳተመችው መጽሐፍ ሰው ራሱን መርምሮ ራሱን ሊረዳ እንደሚችል የሚያስረዳ ነበር። ራስ አገዝ ለምንባል ለእኛ ይህ ልዩ ትርጉም አለው።

ሆኖም ካረን እንከን የሌለባት ሴት አልነበረችም። ለብዙ ዓመታት ወዳጇ የነበረው ኤሪክ ፍሮም የሕክምና ዶክተር ስላልነበረ፣ በ1943 የእሷ ተቋም የማሠልጠን መብቱን ነፈገው፤ እሱም ለቆ ሄደ። በር ተዘግቶባት የወጣች ሴት የመሠረተችው ቤት በሌላው ላይ በር ዘጋ። ይህንን የጻፍነው ልናሳንሳት አይደለም፤ ስለ ሰው ብዙ ያወቀ ሰው እንኳ ራሱን መመርመር እንደማያበቃለት ስለሚያሳይ ነው።

በ1950 ትልቁን የመጨረሻ መጽሐፏን አሳተመች። በ1952 ጃፓን ሄዳ የዜን ቡድሂስት ገዳማትን ጎበኘች። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ኒው ዮርክ ውስጥ በካንሰር አረፈች፤ ዕድሜዋ 67 ነበር። በ1955 በኒው ዮርክ በስሟ የሕክምና ማዕከል ተከፈተ።

እንግዲህ ወደ አባላችን እንመለስ። ይህን ታሪክ በወር ስብሰባችን ላይ ስንተርክ ዝም ብላ አዳመጠች። ከዚያ፣ ልጅ ሳለች እንጀራ እናቷ ቤት ስታድግ እምቢ ማለት ምን ያስከትል እንደነበር ነገረችን። ያኔ እሺ ማለቷ ብልህነት ነበር። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ እሺታው ግን አብሯት አለ።

እኛም እንደ ማኅበር አንድ ነገር አደረግን። ከዚህ ወር ጀምሮ የዋስትና ቅጽ በተጠየቀበት ቀን አይፈረምም፤ ዋስ የምትሆነው አባል ሦስት ቀን የማሰቢያ ጊዜ አላት። ባለፈው ሳምንት ለዚያች አባላችን አራተኛ ጠያቂ መጣች። አስቤ እነግርሻለሁ ብላ መለሰቻት። በሦስተኛው ቀን ቢሯችን መጥታ እንደማትፈርም ስትነግረን ድምፅዋ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። መዝገቡ ላይ ያሰፈርነው አልፈረመችም የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው።