ቫቪሎቭና የፖም ዛፍ ጥንተ አገር

አንድ ሕንፃ በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ ከቆመ፣ ምሰሶው የተሰነጠቀ ዕለት ሥራው ሁሉ እንደሚፈርስ ለማኅበራችን አባላት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይኸው ሕግ በዕፀዋት ዓለምም እንደሚሠራ አስቀድመው ከተረዱት ሊቃውንት አንዱ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነበር።

ቫቪሎቭ በ1887 ዓ.ም. በሞስኮ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የግብርና ትምህርቱን በዚያው ከተማ ከፈጸመ በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በዘር ውርስ ሊቁ በዊልያም ቤትሰን ዘንድ አጠና። በ1919 ዕፀዋት ተላላፊ በሽታን ስለሚቋቋሙበት ኃይል መጽሐፍ አወጣ። ይህ ኃይል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ስለሆነ፣ ተክሉና በሽታው ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲታገሉ በኖሩበት በጥንተ አገሩ መፈለግ እንዳለበት አመነ።

ስለዚህም ዘር ፍለጋ ዓለምን ዞረ። በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኘ፤ በበቅሎ ወደ ሰሜን ተጉዞም የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ። አገራችንንም ከሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት። በ1929 ደግሞ በቲየን ሻን ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በአልማ አታ ዙሪያ ኮረብታዎቹን የሸፈነ የዱር ፖም ደን አየና የፖም መነሻ ይህ ነው ሲል ደመደመ።

የግኝቱን ክብደት ለመረዳት የፖምን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ፖም ከፍሬው ዘር ቢበቅል እናቱን አይመስልም። አትክልተኛው የወደደውን ዛፍ የሚያባዛው ቅርንጫፉን ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ በመቀጠል ነው። እንግዲህ አንድ ሺህ ዛፎች ያሉት እርሻ በውርሱ አንድ ዛፍ ነው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። ቅጠሉንና ፍሬውን በጥቁር ቅርፊት የሚሸፍነውን የፈንገስ በሽታ ለመከላከል በአሜሪካ የተደከሙ ሊቃውንት ከአንድ የእስያ ትንሽ ፍሬ ፖም የመከላከያ ጂን ወስደው በብዙ ትውልድ አዳቀሉ። ከዚህ የተገኘው ፕሪማ የተባለው ዝርያ በ1970 ለአትክልተኞች ቀረበ። ነገር ግን ያንን ጂን ያሸነፈ የፈንገስ ዘር በጀርመን መገኘቱ በ1993 ታወቀ። አንዱ ምሰሶ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ተመራማሪዎች ከ1989 ጀምሮ ቫቪሎቭ ወዳመለከተው ደን እየተመላለሱ ዘር ሰበሰቡ፤ ልዩ ልዩ በሽታ የሚቋቋሙ ዛፎችንም አገኙ። በ2010 የታተመው የፖም ጂኖች ጥናትም የእርሱን ድምዳሜ አጸና።

እርሱ ግን ይህን ሁሉ አላየም። የዘር ውርስን ሳይንስ የካደው ሊሴንኮ በመንግሥት ዘንድ በተሰማበት ዘመን፣ በ1940 በሐሰት ክስ ተያዘ፤ በ1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት በረኃብ ተጎሳቍሎ ሞተ። ዓለምን ከረኃብ ለማዳን ዘር የሰበሰበ ሰው መጨረሻው ይህ ሆነ። ባልደረቦቹም በተከበበችው ሌኒንግራድ እህሉን እየጠበቁ፣ ከእርሱ ሳይቀምሱ በረኃብ አለቁ። ስሙ የታደሰው በ1955 ነው።

የአልማ አታን የዱር ፖም ከበሽታ ይልቅ የጎዳው የከተማዋ መስፋፋትና የደኑ መመንጠር ነው። መንገድ የምንቀይስና ግድብ የምንሠራ እኛ ሙያተኞች ይህን ልናስብ ይገባናል። የምናነሳው ቁጥቋጦ ለሚመጣው ትውልድ ሁለተኛው ምሰሶ ሊሆን ይችላልና።