ካርል ቦሽ፦ ከኬሚስትነት እስከ ኩባንያ መሪነት

ትምህርታችንን ስንጨርስ ብዙዎቻችንን የሚጠብቀን ሙያችን ብቻ ሳይሆን የኃላፊነት ወንበርም ጭምር ነው። ስለዚህ ከኬሚስትነት ተነሥቶ የታላቅ ኩባንያ መሪ የሆነውን የጀርመናዊውን የካርል ቦሽን ሕይወት ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦሽ በ1874 በኮሎኝ ከተማ ተወለደ። በመጀመሪያ የብረታ ብረትና የመካኒክ ምሕንድስና፣ ቀጥሎም በላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንቶ በ1898 ዶክተር ተባለ። በ1899 በሉድቪግስሀፈን በሚገኘው በባስፍ ኩባንያ ተቀጠረ። ብረትንም ኬሚስትሪንም ማወቁ ኋላ ለዝናው ምክንያት ሆነ።

በዚያን ዘመን የአውሮፓ እርሻ ከቺሊ በመርከብ በሚመጣ ናይትሬት ላይ የተመካ ነበር። በ1909 ፍሪትዝ ሀበር ከአየር ናይትሮጂንና ከሃይድሮጂን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል በአንዲት ትንሽ መሣሪያ አሳየ። በጠብታ የተገኘውን በቶን ማምረት ግን የቦሽ ድርሻ ሆነ። ሥራው ከተራው አየር 200 እጥፍ የሚሆን ግፊትና 500 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ የብረት ቱቦዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈነዱ። ቦሽ ምክንያቱን ሲመረምር ሃይድሮጂኑ ወደ ብረቱ እየዘለቀ ካርቦኑን እንደሚወስድበትና እንደሚያደክመው ተረዳ። ስለዚህ የቱቦውን ውስጥ ካርቦን በሌለው ለስላሳ ብረት ለበጠው፤ የውጭውንም ጠንካራ ብረት፣ ዘልቆ የመጣው ሃይድሮጂን መውጫ እንዲያገኝ በጥቃቅን ቀዳዳዎች በሳው። ባልደረባው አልቪን ሚታሽም በሺህ ከሚቆጠሩ ሙከራዎች በኋላ ርካሽ የብረት ካታሊስት አገኘ። በ1913 የኦፓው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

ወዲያው በ1914 ጦርነት ተነሣ፤ የቺሊም መንገድ ተዘጋ። ቦሽ ለመንግሥቱ ውል ገብቶ ለገበሬው የታሰበው አሞኒያ ናይትሪክ አሲድ፣ ከዚያም ፈንጂ ሆነ። በ1919 የባስፍ መሪ ሆነ። በ1921 በኦፓው የተከማቸው ማዳበሪያ ፈንድቶ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በ1925 ታላላቆቹ የኬሚካል ኩባንያዎች ተዋሕደው አይ ጂ ፋርበን ሲመሠረት የመጀመሪያው ዋና ሥራ መሪ ቦሽ ነበር። እኛ የሕክምና ተማሪዎች የምናውቀው የሰልፋ መድኃኒቶች በኩር፣ ፕሮንቶሲል፣ የተገኘው በዚሁ ኩባንያ ላቦራቶሪ ነው። በ1931 ቦሽ ከፍሪድሪክ ቤርጊዩስ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

ፈተናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከድንጋይ ከሰል ቤንዚን ለመሥራት ኩባንያው ያፈሰሰው ገንዘብ ኪሣራ ላይ ወድቆ ነበር። በታኅሣሥ 1933 ኩባንያው ከናዚ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ለቤንዚኑ የዋጋና የገበያ ዋስትና አገኘ። ቦሽ ግን ናዚ አልነበረም። በዚያው ዓመት አይሁድ ሳይንቲስቶች ከሥራ መባረራቸው አገሪቱን እንደሚጎዳ ለሂትለር ነግሮት ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በ1935 መንግሥት ሠራተኞቹ እንዳይገኙበት በከለከለው፣ አይሁዳዊ ትውልድ በነበረው በሀበር መታሰቢያ ላይም ተገኘ። ይሁን እንጂ የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም። ፋብሪካውን ያዳነው ውል ፋብሪካውን ለጦርነት አሰናዳው። ቦሽ በትካዜና በመጠጥ ተጎድቶ በ1940 ሞተ። ከእርሱ በኋላ ኩባንያው በአውሽቪትዝ አጠገብ እስረኞችን በግዳጅ እያሠራ በሺህ የሚቆጠሩትን ለሞት ዳረገ።

ገበሬያችን ዛሬ በማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ሀበርና ቦሽ ባወጡት ዘዴ ከተገኘ አሞኒያ ነው። ሰውየው በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አብልቷል፤ ይህን ማንም አይክድም። የእርሱ ሕይወት የሚያስተምረን ግን ክፉውን በቃል መቃወም ብቻውን እንደማይበቃ ነው። በወንበር የተቀመጠ ባለሙያ የሚመዘነው ከተናገረው ይልቅ በፈረመው ነውና።