ለልዩ ልዩ መኪና አንድ ቋንቋ
የግሬስ ሆፐር የሕይወት ታሪክ

በዛሬው ዘመን ኮምፒውተር ያላየ ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ለአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው ፕሮግራም በሌላው ኮምፒውተር እንዴት ሊሠራ እንደ ቻለ፣ ስለዚህም ነገር እነማን እንደ ደከሙ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ዘንድሮ ለመጽሔታችን አንባብያን የማቀርበው፣ ከዕድሜያቸው አብዛኛውን በዚህ ሥራ ያሳለፉትን የአሜሪካዊቱን የሒሳብ ሊቅና የባሕር ኃይል መኮንን የግሬስ ሆፐርን ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግሬስ ሆፐር ዲሴምበር 9 ቀን 1906 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ሰባት ዓመት ሲሆናቸው የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈልገው አንዱን ሰዓት ፈቱ፤ መልሰው መግጠም ቢያቅታቸው ሁለተኛውን ፈቱ፤ እንዲህ እያሉ በቤት ውስጥ የነበሩትን ሰባቱን ሰዓቶች ፈትተው ጨረሱ። እናታቸውም ነገሩን ባወቁ ጊዜ ከእንግዲህ በአንዱ ሰዓት ብቻ እንዲመራመሩ ፈቀዱላቸው። በሰባት ሰዓት ጥፋት ያልተገረፈ ልጅ ዕድለኛ ነው፤ እናቲቱም አስተዋይ ነበሩ እላለሁ።

በ1928 ዓ.ም. ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከዚያም ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1934 ዓ.ም. በሒሳብ የዶክትርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ሆፐር የተባለውን ስም ያገኙት በ1930 ዓ.ም. ካገቡት ከባለቤታቸው ነው፤ ጋብቻው በ1945 ዓ.ም. ቢፈርስም ስሙ አብሯቸው ቀረ። እስከ ጦርነቱ ጊዜ ድረስ በቫሳር ኮሌጅ የሒሳብ መምህርት ነበሩ።

አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ ሆፐር ወደ ባሕር ኃይል ለመግባት ጠየቁ። ነገር ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ክብደታቸውም ከተወሰነው በታች ነው ተባሉ። እርሳቸው ግን ልዩ ፈቃድ እስኪሰጣቸው ድረስ ስላልተዉ በ1943 ዓ.ም. መጨረሻ ተቀበሏቸው፤ በ1944 ዓ.ም. የመኮንንነቱን ትምህርት ከጓደኞቻቸው አንደኛ ሆነው ጨረሱ። መርከብ ላይ እሳፈራለሁ ሲሉ የተላኩት ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያም ማርክ አንድ የሚባለው፣ ርዝመቱ ከ15 ሜትር የሚበልጥ፣ በአንድ ሴኮንድ ሦስት ቁጥሮችን ብቻ መደመር የሚችል የሒሳብ መኪና ይጠብቃቸው ነበር። ዛሬ በኪሳችን ከምንይዘው ስልክ ጋር ቢነጻጸር የሚያስቅ ነው፤ ለዚያን ጊዜ ግን ተአምር ነበረ።

በዚያ መኪና ላይ ትእዛዝ የሚጻፈው ወረቀት በመብሳት ነው። ሆፐርና ጓደኞቻቸው አንድ ጊዜ በትክክል የሠራውን ትእዛዝ በደብተር ይዘው፣ ሲያስፈልግ ለአዲሱ ሥራ ይገለብጡት ነበር። ሲገለብጡም ይሳሳቱ ነበር። ሰው ሊቅ ቢሆን እንኳ ቁጥር ሲገለብጥ እንደሚሳሳት፣ መኪና ግን በመገልበጥ እንደማይደክም ሆፐር ያስተዋሉት በዚህ ጊዜ ነው። (በ1947 ዓ.ም. በማርክ ሁለት ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ተገኝታ በመዝገብ ላይ መለጠፏን ብዙ ሰዎች ያወራሉ፤ የፕሮግራም ስሕተት በእንግሊዝኛ በተባይ ስም የተጠራውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይላሉ። ይህ ግን ልክ አይደለም፤ ቃሉ በቶማስ ኤዲሰን ዘመንም ይነገር ነበር።)

በ1949 ዓ.ም. ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒውተር ይሠራ ወደ ነበረው በፊላደልፊያ ወደሚገኘው ኩባንያ ገቡ፤ በ1952 ዓ.ም. የተዘጋጁትን የትእዛዝ ክፍሎች ራሱ መኪናው እየፈለገ እንዲያገጣጥም የሚያደርግ ፕሮግራም ሠሩ። ይህም ኮምፓይለር የሚባለው የተርጓሚ ፕሮግራም መጀመሪያ ነው። ከዚህም አልፈው ሰው ትእዛዙን በተራ የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ መኪናው ወደ ራሱ ቁጥር ይተርጉመው ብለው ቢያቀርቡ፣ አለቆቻቸው መኪና እንግሊዝኛ አያውቅም ብለው አልቀበል አሉ። ሆፐር ለመኪናው ቋንቋ ሁሉ እኩል መሆኑን ለማሳየት ያንኑ ትእዛዝ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ አሠርተው አሳዩአቸው፤ ነገሩ ግን ባሰ እንጂ አልተሻለም፤ በፊላደልፊያ የተሠራ መኪና የውጭ አገር ቋንቋ መስማቱ አለቆቹን አስደነገጣቸው። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ አማርኛም ቢሆን ያው ነበር ብዬ አሰብሁ። የሆነ ሆኖ ሆፐር ሥራውን አልተዉም፤ ፍሎው ማቲክ የተባለውም ቋንቋ ከዚህ ተገኘ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመጣለን። ኮምፒውተር በመጨረሻ የሚያውቀው ዜሮንና አንድን ብቻ ነው፤ የእነዚህም አደራደር ትርጉሙ እንደየመኪናው ይለያያል። ለአንዱ ደምር ማለት የሆነው ቁጥር ለሌላው ቀንስ ወይም ቁም ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህም አንድ መሥሪያ ቤት የደመወዙንና የዕቃውን ሒሳብ የሚሠራ ፕሮግራም በብዙ ዓመት ድካም ካጻፈ በኋላ መኪናውን በሌላ ኩባንያ መኪና ቢለውጥ፣ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ሆኖ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሻጮቹ በዚህ ብዙ አላዘኑም፤ ደንበኛው ወዴትም አይሄድምና።

በ1959 ዓ.ም. በሜይ ወር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የኩባንያዎች ሰዎች በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰብስበው ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ የንግድና የአስተዳደር ቋንቋ እንዲዘጋጅ ወሰኑ። ይህም ኮቦል የተባለው ነው። ሆፐርን የኮቦል እናት የሚሏቸው አሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ይህ አባባል ከእውነቱ ያልፋል። ቋንቋውን የጻፈው ኮሚቴ ነው፤ እርሳቸው አማካሪ ነበሩ፤ ነገር ግን ኮሚቴው ከሁሉ አብልጦ የተከተለው የእርሳቸውን ፍሎው ማቲክ ስለሆነ ድርሻቸው ትልቅ ነው። በ1960 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር አንድ የኮቦል ፕሮግራም፣ ከጥቂት ለውጥ በቀር እንዳለ፣ በሁለት ተወዳዳሪ ኩባንያዎች መኪናዎች ማለት በዩኒቫክና በአር ሲ ኤ ኮምፒውተር ላይ ሠራ። የመከላከያ ሚኒስቴሩም ኮቦል የማይችል መኪና ያለ በቂ ምክንያት አልገዛም ባለ ጊዜ ኩባንያዎቹ ሁሉ ተርጓሚ ለመሥራት ተሽቀዳደሙ። የገዢ ቃል ከምክር ይልቅ ይሰማል።

በ1964 ዓ.ም. ደግሞ አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ በሌላ መንገድ መጣ። ይኸውም ትንሽና ትልቅ የሆኑ ስድስት ዓይነት መኪናዎችን ባንድ ቀን አስታውቆ፣ ሁሉም አንዱን የቁጥር ትእዛዝ እንዲታዘዙ አደረገ። እዚህ የተተረጎመው ፕሮግራም ራሱ ዜሮና አንዱ ሳይነካ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሻገራል፤ መተርጎምም አያስፈልግም። ምቾቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ደንበኛው በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ይታሰራል፤ ሠሪውም የጥንቱን ውሳኔ ለዘላለም ይሸከማል። የሆፐር መንገድ ደንበኛውን ነጻ ያወጣል፤ ዋጋው ግን ፕሮግራሙን ለእያንዳንዱ መኪና እንደገና መተርጎም ነው፤ ደግሞም እያንዳንዱ ኩባንያ ከጋራው ቋንቋ ላይ የራሱን ቅመም ይጨምራል። ለእኔ የሆፐር መንገድ ይበልጥብኛል፤ ይሁን እንጂ ሒሳብ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ብሆን ኖሮ ሁለቱንም ሳልመዝን አልወስንም ነበር።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ዓመት የመጽሔት ክበባችን አባሎች የቀድሞ እትሞችን ጽሑፍ ከአሮጌ ዲስክ ልናወጣ ብንሞክር ግጥሙም ታሪኩም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ታየን። ምክንያቱም በድሮው ጊዜ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሠራ ሁሉ ለፊደላችን በየራሱ ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፣ የአንዱን ሌላው አያነበውም። ፊደላችን በዩኒኮድ መዝገብ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ የታወቀ ቁጥር የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ነው። የእኛን ጽሑፍ አንድ ታላቅ ወንድማችን ቁጥሩን በቁጥር እየለወጠ ግማሹን አዳነው፤ ግማሹን ከታተመው ቅጂ እያየን በእጃችን ጻፍነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ሆፐር በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ በስድሳ ዓመታቸው ከባሕር ኃይል ጡረታ ወጡ፤ ይህን ቀን በጣም እንዳዘኑበት ይነገራል። ኀዘኑ ግን ብዙ አልቆየም። የባሕር ኃይሉ ኮቦል በየመርከቡና በየመሥሪያ ቤቱ ልዩ ልዩ ሆኖ ስላስቸገረ በ1967 ዓ.ም. ለስድስት ወር ብቻ ብሎ ጠራቸው፤ ስድስቱ ወር ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ረዘመ። በዚህ ጊዜ የሠሩት ሥራ፣ ስለ እርሳቸው በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ በጥቂት መስመር የሚታለፍ ቢሆንም፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ተርጓሚዎችን የሚፈትኑ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። አንድ ኩባንያ የእኔ ተርጓሚ ደንቡን ይጠብቃል ቢል፣ ፈተናው በመኪናው ላይ ይሠራል፤ የት እንደ ሳተም በዝርዝር ይወጣል። በወረቀት የተጻፈው ደንብ በ1968 ዓ.ም. ብሔራዊ ሆኖ ጸድቆ ነበር፤ እውነተኛ ደንብ እንዲሆን ያደረገው ግን ፈተናው ነው።

በእርጅናቸው ዘመን ከአገር አገር እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። ኤሌክትሪክ በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ውስጥ ሊሄድ የሚችለውን ከፍተኛ ርቀት ለማሳየት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሽቦ እየቆረጡ ለተማሪ ያድሉ ነበር። በቢሯቸውም ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ነበራቸው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነበርና እንዲህ ይሁን ለሚል ሰው መልስ እንዲሆን ነው። በ1985 ዓ.ም. የሪር አድሚራልነት ማዕርግ አገኙ፤ በ1986 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው በቦስተን ወደብ በቆመችው በጥንታዊቱ መርከብ በኮንስቲቱሽን ላይ በክብር ተሰናበቱ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዓ.ም. አርፈው በአርሊንግተን የመቃብር ስፍራ ተቀበሩ። በ1997 ዓ.ም. በስማቸው የተሰየመች አንዲት የጦር መርከብ በባሕር ኃይሉ ውስጥ አገልግሎት ጀመረች።

በ2020 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የኒው ጀርሲ ግዛት ሥራ ያጡ ሰዎች የሚረዱበት አሮጌ ፕሮግራም በአመልካች ብዛት ስለ ተጨናነቀ፣ የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ኮቦል የሚያውቅ ሰው ካለ ይርዳን ብለው በይፋ ጥሪ አደረጉ።